በ1000 ያርድ ዒላማ ላይ የትኛውን ባንዲራ ልመን?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ጠመንጃው .308 ነው፤ ጥይቱ 175 ግሬይን (11.3 ግራም ገደማ)፣ ከአፈሙዝ በሰከንድ 790 ሜትር ገደማ ይወጣል። 1000 ያርድ (914 ሜትር) ላይ ከፍታው ልክ ነው፤ የሚበተነው ወደ ጎን ነው። ንፋሱን እንዴት ላስላው? አጠገቤ ያለው ባንዲራ ወደ ግራ፣ ዒላማው ጋ ያለው ወደ ቀኝ ሲነፋስ የቱን ልከተል?

መልስ 1
መነሻ ቁጥር ያዝ ወንድሜ። በሰዓት 10 ማይል ከጎን የሚመጣ ንፋስ ይህን ጥይት ወደ 2.45 ሜትር ይወስደዋል። በእያንዳንዱ ክሊክ (የማስተካከያ ጠቅታ) ሩብ የማዕዘን ደቂቃ በሚቆጥር የጠመንጃ መነጽር 37 ክሊክ ማለት ነው፤ የማዕዘን ደቂቃ የአንድ ዲግሪ 1/60ኛ ነው። ምክንያቱን ካወቅህ አይጠፋህም፦ ጥይቱ እዚያ ለመድረስ 1.7 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ አየር ባይኖር 1.15 ይበቃው ነበር። የዘገየበትን 0.55 ሰከንድ በንፋሱ ፍጥነት (በሰከንድ 4.47 ሜትር) አባዛው። ጉዳዩ ያለው መዘግየቱ ላይ ነው። ለዚህም ነው 500 ያርድ ላይ ግማሹን ሳይሆን አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ የሚወስደው።

የአሜሪካ የ1000 ያርድ ዒላማ ባለ 10 ነጥብ ክብ ስፋቱ 20 ኢንች ነው። ስለዚህ ንፋሱን በሰዓት 1 ማይል ብቻ ብትስት ከመሃል ወደ ክቡ ጠርዝ ትደርሳለህ።

አንግሉንም አትርሳ። ከተኩስ መስመሩ 30 ዲግሪ የሚመጣ ንፋስ ግማሽ ነው፤ 45 ዲግሪ ግን 70 በመቶ ነው። ብዙ ሰው 45ን ግማሽ አድርጎ ይይዝና ጥይቱ ንፋሱ ወደሚሄድበት ያመልጠዋል።

መልስ 2
ባንዲራዎቹ ሲጣሉ ለቅርቡ አድላ። መነሻው ላይ የተገፋ ጥይት አቅጣጫው ስለሚቀየር እስከ ዒላማው ድረስ እየራቀ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይ የተገፋው ግን ለመራቅ ጊዜ የለውም። መሃሉንም ችላ አትበል፦ ጥይቱ እዚያ ከእይታ መስመርህ በ4 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ስለሚበር፣ መሬት አጠገብ ካለው የበረታ ንፋስ ያገኘዋል።

የመመልከቻ ቴሌስኮፑን ዒላማው ላይ አጥራ፤ ከዚያ ወደ መሃል እስኪመጣ ትንሽ መልሰው። ከመሬት የሚነሳው የሙቀት ሞገድ ወዴት እንደሚያዘነብል ታያለህ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከፈላ አትተኩስ፤ ብዙ ጊዜ ንፋሱ አቅጣጫ ሊቀይር ነው። ንፋሱ በሰዓት ከ12 ማይል በላይ ሲሆን ሞገዱ ስለሚተኛ ፍጥነቱን አይነግርህም፤ ያኔ ወደ ባንዲራው ተመለስ።

መልስ 3
አንድ ልጨምር፦ በአፈሙዙ ውስጥ ያለው፣ ጥይቱን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ወደ ቀኝ ከሆነ፣ ከግራ የሚመጣ ንፋስ ጥይቱን ትንሽ ዝቅ፣ ከቀኝ የሚመጣው ትንሽ ከፍ ያደርገዋል። ንፋስ ሲገለበጥ ከፍታው ከተዛባ መነጽሩን ለመፍታት አትቸኩል።

በ.22 (በትንሽ ጥይት ጠመንጃ) የምትለማመድ ከሆነ ደግሞ ፈጣን ጥይት አትምረጥ። የድምፅን ፍጥነት አልፎ የሚወጣው በአየሩ ይበልጥ ስለሚዘገይ፣ 100 ያርድ ላይ ከዝግተኛው የበለጠ በንፋስ ይወሰዳል።