ሰርስ፦ ለሮዳሚን ቁልጭ ያለ ሲግናል፣ ለግላይፎሴት ግን ጭጭ

ብርማ ውሃ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰርስ ላይ ለምትሠሩ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሞለኪውል ሌዘር ሲያርፍበት የሚበትነውን ደካማ የራማን ብርሃን በብር ወይም በወርቅ ገጽ አጉልቶ ማንበቡን ማለቴ ነው። የብር ናኖፓርቲክል የማዘጋጀው በታወቀው መንገድ ነው፤ ሲልቨር ናይትሬቱን አፍልቼ ሲትሬት (የሲትሪክ አሲድ ጨው) እጨምርበታለሁ። አብዞርባንሱ (ብርሃን የመዋጥ መጠኑ) 415 ናኖሜትር አካባቢ ጫፍ አለው፣ ሌዘሬ 532 ናኖሜትር ነው። ሮዳሚን 6ጂ የሚባለውን ቀለም ጠብ ሳደርግበት በናኖሞላር ደረጃ፣ እጅግ ቀጭን ሆኖ እንኳ ፒኮቹ ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። በዚህ ተማምኜ ወደ ዋናው ሥራዬ ገባሁ፤ ውሃ ውስጥ ያለ ግላይፎሴት መለካት፣ የአረም ማጥፊያውን ማለቴ ነው። ጭጭ! መጠኑን አብዝቼ ሚሊሞላር ድረስ ወጥቼ እንኳ የማየው ሲትሬቱንና 1,350 እና 1,580 ዌቭነምበር (የራማን ፒክ ቦታ መለኪያ) አካባቢ ያበጡ ሁለት ሰፋፊ ጉብታዎች ብቻ ነው። የሌዘሩን ኃይል ስጨምር ጉብታዎቹ ይብሳሉ እንጂ የምፈልገው ነገር ብቅ አይልም። አማካሪዬ ደግሞ "ኮከብ ቅርጽ ያለው ናኖፓርቲክል ሥራ፣ ሴንሲቲቪቲው ያድጋል" ይለኛል። ይሄ ያዋጣል? ወይስ ወራት ከማቃጠሌ በፊት የምሞክረው ሌላ ነገር አለ?

ገጽ ለገጽ፦

ኮከቡን ለጊዜው ተወው። ያንተ ችግር የማጉላት አይመስለኝም፤ ሞለኪውልህ ብሩ ጋ አልደረሰም። ሰርስ የሚያጎላው ገጹ ላይ ያረፈውን ነው። ጥቂት ናኖሜትር ፈቀቅ ካለ የለም በለው።

አስበው። ሲትሬት የለበሰ ብር ነጌቲቭ ነው። ግላይፎሴት በፒኤች 7 ፎስፎኔቱም ካርቦክሲሌቱም (የአሲድ ክፍሎቹ) ፕሮቶናቸውን ጥለዋል፣ አሚኑ (የናይትሮጅን ክፍሉ) አንድ ፖዘቲቭ ቢይዝም በጠቅላላው ወደ ሁለት ነጌቲቭ ይሆናል። ይገፋፋሉ። ሮዳሚን ፖዘቲቭ ስለሆነ ራሱ ሄዶ ይለጠፋል። በዚያ ላይ 532ን ራሱ ይውጠዋል፣ ስለዚህ ከብሩ ማጉላት በተጨማሪ የሬዞናንስ ጉርሻ አለው፣ ብዙ ጊዜም ሺህ እጥፍ ያህል። ሮዳሚን ስለ ናኖፓርቲክልህ የሚሰጠው ምስክርነት የአማች ምስክርነት ነው። ግላይፎሴት ቀለም የለውም፣ የቤንዚን ቀለበት (ባለ ስድስት ካርቦኑ፣ ነዳጁ አይደለም) የለውም፣ በተፈጥሮው ራማኑ ደካማ ነው።

ነገሩን የምትለይበት ቀላል መንገድ አለ። 4-መርካፕቶቤንዞይክ አሲድ አምጣ። 532 ላይ ሬዞናንስ የለውም፣ ግን ሰልፈሩ ብሩን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል። 1,076 እና 1,587 አካባቢ ጠንካራ ፒኮች ካየህ ብርህ ደህና ነው፣ ችግሩ ግላይፎሴቱ አለመያዙ ነው። እነሱም ከደከሙ ያኔ ስለ ቅርጽና ስለ ሌዘር እናወራለን።

አሮጌው ኤሌክትሮድ፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ታሪኩም ራሱ ይሄን ይመስላል። በ1974 ፍላይሽማን፣ ሄንድራና መክዊላን ፒሪዲንን በብር ኤሌክትሮድ ላይ ሲለኩ ኤሌክትሮዱን ሸካራ ያደረጉት ብዙ ሞለኪውል እንዲያርፍበት ብለው ነበር። በ1977 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ሂሳቡን ሲሠሩት የገጹ መስፋት ብቻውን ያን ሁሉ ሲግናል እንደማያመጣ ታወቀ፤ ጭማሪው በመቶ ሺህ እና በሚሊዮን እጥፍ የሚቆጠር ነበርና። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ማጉላት ማጉላት ይላል። ፒሪዲን ግን በናይትሮጅኑ ብር ላይ ደህና አድርጎ የሚቀመጥ ሞለኪውል መሆኑን ማን ያስታውሳል? ባይቀመጥ ኖሮ ምን ሊታይ ነበር።

ሌላው፣ ጨው ትጨምራለህ ወይ? አልጠቀስከውም። አብዞርባንስህ 415 ላይ ብቻ ከሆነ ናኖፓርቲክሎቹ አልተጠጋጉም ማለት ነው። ነጠላ ሉል ብዙ አያጎላም። ጉልበቱ ያለው ሁለቱ ሲጠጋጉ መሃላቸው በሚቀረው የ1 ወይም የ2 ናኖሜትር ክፍተት ውስጥ ነው። ማጉላቱ በግምት የኤሌክትሪክ ፊልዱ አራተኛ ፓወር ስለሆነ ትንሽ መጠጋት ብዙ ለውጥ ያመጣል። በ2008 የወጣ አንድ ልኬት አለ፤ ከ1,000,000 ቦታዎች ውስጥ በጣም ትኩስ የሆኑት 63ቱ ብቻ ሆነው ከጠቅላላው ሲግናል 24 በመቶውን ይሰጣሉ። እንግዲህ ሞለኪውልህ በደንብ ሳይለጠፍ እነዚያ 63 ቦታዎች ላይ የመገኘት ዕድሉን አንተው ገምት።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ናሙናው ከኮሎይዱ (ናኖፓርቲክሎቹ ከተበተኑበት ፈሳሽ) ጋር ይቀላቀል፣ ጊዜ ስጠው፣ ከዚያ ጨው። ጨው ካስቀደምክ ክፍተቶቹ ባዶ ሆነው ይዘጉብሃል። የጨው ዓይነትም አንድ አይደለም፤ ክሎራይድ ብሩን ራሱ ይይዛል፣ ሲትሬትን ይገፋል፣ ያንተንም ደካማ ሞለኪውል አብሮ ሊገፋው ይችላል። ናይትሬት ወይም ሰልፌት ሞክርና አወዳድር። 415 ላይ ያለው ጫፍ ወርዶ ወደ ቀዩ በኩል ሰፊ ጅራት ሲያወጣ ታየዋለህ። ዝም ብለህ ከተውከው ግን ይረጋል፣ ተጣብቆ ይዘቅጣል ማለት ነው፤ ስለዚህ ጨው ከገባ በኋላ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ደቂቃ ለካ።

ቀይ ሌዘር፦

እኔ ብሆን 532ን ትቼ 785 እገባለሁ። ፍሎረሰንሱ ይቀንሳል፣ የተጠጋጉ ናኖፓርቲክሎችም የሚስማሙት ከቀዩ ጋር ነው። ወርቅም መጠቀም ትችላለህ፣ እንደ ብር ቶሎ ኦክሳይድ አያደርግም።

ገጽ ለገጽ፦

@ቀይ ሌዘር እውነት አለህ፣ ግን ነጻ አይደለም። ራማን በሞገድ ርዝመት አራተኛ ፓወር ስለሚቀንስ ከ532 ወደ 785 ስትሄድ ወደ 5 እጥፍ ገደማ ታጣለህ። የሲሊከን ዲቴክተርም እዚያ ጥግ ላይ ይደክማል። ናኖፓርቲክሎቹ ሳይጠጋጉ 785 ማብራት ደግሞ ምንም ትርጉም የለውም። ወርቅ ካልክ 532ን እርሳው፣ ወርቁ ራሱ ይውጠዋል።

ብርማ ውሃ፦

በጣም አመሰግናለሁ። @አሮጌው ኤሌክትሮድ፣ ጨው አልጨምርም ነበር፤ እርስዎ ባሉት ቅደም ተከተል እሞክረዋለሁ። ግን ጉብታዎቹ ምንድን ናቸው? ግላይፎሴት በሌለበትም ይታያሉ።

አሮጌው ኤሌክትሮድ፦

ካርቦን ነዋ! ብሩ ላይ ያለውን ሲትሬት በሌዘር እያቃጠልከው ነው። ኃይል ስትጨምር የሚብሱት ለዚህ ነው። ናሙናው ላይ የሚደርሰውን ከ1 ሚሊዋት በታች አውርደው፣ በምትኩ የመሰብሰቢያ ጊዜውን አርዝም። ጠብታውን አድርቀህ የምትለካ ከሆነም ተወው፣ በፈሳሽነቱ ለካው። ሲደርቅ ሁሉም ነገር ጠርዝ ላይ ይከማቻል፤ ያኔ ጠርዙ ላይ አንድ ነገር፣ መሃሉ ላይ ሌላ ነገር ታነባለህ።

ብርማ ውሃ፦

ለካስ አድርቄ ነበር የምለካው፣ እሺ። ግላይፎሴቱንስ እንዴት ላስይዘው? ፒኤች ባወርድ ይበቃል?

ገጽ ለገጽ፦

ሞክረው፣ ርካሽ ነው። ፒኤች 4 አካባቢ ግላይፎሴት ወደ አንድ ነጌቲቭ ይወርዳል። ግን ሲትሬቱም ቻርጁን እያጣ ስለሚሄድ ኮሎይድህ ሳትፈልገው ሊረጋብህ ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ ገጹን ፖዘቲቭ ማድረግ ነው። ሲስቴአሚን ተጠቀም፤ በሰልፈሩ ብሩን ይይዛል፣ አሚኑን ወደ ውጭ ያወጣል፣ አሚኑ ፎስፎኔቱን ይስባል። አጭር ሞለኪውል ስለሆነ ግላይፎሴቱ ከገጹ ብዙ አይርቅም። ረጅም ፖሊመር ብታለብሰው ግን ሞለኪውሉን ትስበውና ማጉላቱ የማይደርስበት ቦታ ታቆመዋለህ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ሲስቴአሚኑን በጠብታ በጠብታ አትጨምር። ከነጌቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ሲሻገር መሃል ላይ ቻርጁ ዜሮ የሚሆንበት ነጥብ አለ፣ እዚያ ከዘገየህ ይረጋል። ተትረፍርፎ ባንዴ ይግባ፣ ቶሎ አማስለው፣ ከዚያ ትርፉን በሴንትሪፊዩጅ እጠብ። ካላጠብክ ነጻው ሲስቴአሚን ግላይፎሴትህን ይሻማብሃል።

ሦስተኛው፣ ግላይፎሴትን ከኒንሃይድሪን ጋር አጸፋ አስገብቶ ሐምራዊ ውጤቱን መለካት። ያኔ የሮዳሚንን ጉርሻ አንተም ታገኛለህ ማለት ነው። ችግሩ ናሙናው ውስጥ ያለ ሌላ አሚን ሁሉ አብሮ ቀለም ይሰጥሃል።

ቀይ ሌዘር፦

ሲስቴአሚን ከመረጥክ ደግሞ የራሱን ፒኮች አትርሳ፣ 640 እና 720 አካባቢ ናቸው። የግላይፎሴትን ፒክ ለነሱ እያካፈልክ ብታነብ የሌዘሩም የመጠጋጋቱም መዋዠቅ በአብዛኛው ይጠፋል። ግን ለአንዱ ብቻ አታካፍል፤ የሞለኪውሉ አቀማመጥ ከፒኤች ጋር ሲቀያየር አንዱ ወርዶ ሌላው ይወጣል። የሁለቱን ድምር ውሰድ። ባዶውን ናሙና፣ ያው ሲስቴአሚን፣ ያው ጨው፣ ያለ ግላይፎሴት፣ በየባቹ ለካ።