የድሮ መጽሔት ሽፋን ላይ የተለጠፈ አድራሻ እንዴት ይነሳል?

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ኖርማን ሮክዌል ከ1916 እስከ 1963 እ.ኤ.አ. ለ«ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት» መጽሔት የሣላቸውን ሽፋኖች እሰበስባለሁ። አሁን ያስቸገረኝ አንድ የ1940ዎቹ ሽፋን ነው። የደንበኛው አድራሻ ያለባት ቁራጭ ወረቀት ከታች በስተግራ፣ ልክ የልጁ ጫማ ላይ ተለጥፋለች (ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል!)። እርጥብ ጥጥ ጠርዙን ገና ሲነካው ቀለሙ ለቀቀ፤ ስለዚህ ውኃ አይሆንም። በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው የሚሉኝ አሉ። ግን የዚያን ጊዜ የመጽሔት ወረቀት ከእንጨት የተሠራና አሲድ ያለበት ስለሆነ በራሱ ጊዜም ቢጫ እየሆነ ይሰባበራል፤ ሙቀት ሲጨመርበትማ! ለጊዜው አሲድ ከሌለው ካርቶን ጋር ማይላር (ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን) ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ሙጫው የዱቄት ይሁን ሌላ በምን ልለየው? በደረቁ በስለት ያነሳ ሰው አለ? ወይስ እንዳለች ልተዋት? ልሸጠው አይደለም፣ ግድግዳዬ ላይ ልሰቅለው ነው።