«ቅኝ ግዛት»፦ የትኛው መግዛት?

ቃል ለቃሚ፦ ሰላም የቋንቋ ወዳጆች። ብዙ ሰው «ቀኝ ግዛት» ብሎ ሲጽፍ አያለሁ። የግራ ግዛት አለ እንዴ? «ቅኝ» የመጣው ከ«መቃኘት» ነው የሚሉም አሉ። አሳሾቹ መጀመሪያ አገሩን ይቃኛሉ፣ ከዚያ ጦር ይከተላል በሚል። እውነት ነው?

የቆሎ ተማሪ፦ «ቀኝ» የጽሕፈት ስህተት ነው፣ ተወው። የ«ቅኝ» ሥር የግእዙ «ቀነየ» ነው፤ ገዛ፣ አስገበረ፣ አሠራ ማለት ነው። «ተቀንየ» ሲሆን ተገዛ፣ አገለገለ ይሆናል። «ቅኔ»ም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። መቃኘትም ቢሆን ዘመዱ ነው፤ ግን የአሳሾቹ ታሪክ በኋላ የተለጠፈበት ይመስለኛል። እንዲያውም «ቅኝ ግዛት» ስንል አንዱን ነገር ሁለቴ ነው የምንለው።

የመርካቶ ልጅ፦ እኔን የሚገርመኝ ሁለተኛው ቃል ነው። በአማርኛ ዳቦም ይገዛል፣ አገርም ይገዛል። ገዢ ስትል ደንበኛም ሹምም ነው። አውሮፓውያኑ ደግሞ በሁለቱም መንገድ ነው የመጡት።

አሰብን እዩ። በ1869 (ሁሉንም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጁሴፔ ሳፔቶ የሚባል የቀድሞ ሚሲዮናዊ ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ከአካባቢው ሱልጣኖች መሬት ገዛ። ገንዘቡም የማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር። የስዊዝ ቦይ የተከፈተው በዚያው ሰሞን ነው፤ በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ ደግሞ መንገድ ላይ ድንጋይ ከሰል የሚሞላበት ወደብ ይፈልጋል። በ1882 የጣሊያን መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ። በ1885 ምጽዋ ተያዘች፤ በ1890 ኤርትራ ተብሎ ታወጀ። መጀመሪያ ሚሲዮናዊ፣ ቀጥሎ ቆንስል፣ ከዚያ ጦር ይመጣል ብለዋል ይባላል አጼ ቴዎድሮስ። እዚህ በቆንስሉ ቦታ ነጋዴ ገባ እንጂ ሰልፉ ያው ነው።

የህንዱ ይብሳል። የእንግሊዙ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ቤንጋል የሄደው ጨርቅ ሊገዛ ነው። በ1765 ከሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት የቤንጋልን ግብር የመሰብሰብ መብት ወሰደ። ከዚያ ወዲያ ከገበሬው በሰበሰበው ግብር የሸማኔውን ጨርቅ እየገዛ ወደ ለንደን ይጭን ጀመር። በራሳቸው ገንዘብ የራሳቸውን ዕቃ! መግዛትና መግዛት እንዲህ ገጥሞ አያውቅም። ከ1857ቱ አመጽ በኋላ፣ በ1858 ነው የእንግሊዝ ዘውድ ከኩባንያው የተረከበው።

የቆሎ ተማሪ፦ ጥሩ ብለሃል፤ ግን ኮንጎ ላይ አይሠራም። የቤልጅጉ ንጉሥ ሌዎፖልድ 2ኛ ስታንሊ የሚባለውን አሳሽ ልኮ አለቆቹን በማይገባቸው ቋንቋ በተጻፈ ወረቀት ላይ አስፈረመ። በምላሹ ያገኙት ጨርቅና ኮተት ነው። ይሄ ግዢ ከተባለ ሌብነትም ንግድ ነው። ከ1885 እስከ 1908 አገሩ የግሉ ርስት ሆነ። ጎማ እንዲያመጣ በኮታ የሚገደደው ሕዝብ ይገረፋል፣ ሚስቱ በመያዣ ትታሰራለች፣ እጁ የተቆረጠም አለ። ለዚህ «ገዛ» ይለሰልሳል፤ «ዘረፈ» ነው የሚባለው።

ቃል ለቃሚ፦ እሺ፣ «ሞግዚት»ስ? ልጅ የምትይዘው ናት ወይስ አገር የሚይዘው መንግሥት?

የመርካቶ ልጅ፦ ሁለቱም ነው ወዳጄ። አደራ ተቀብሎ ያልደረሰውን የሚያሳድግ ማለት ነው። ፈረንሳይ በ1881 ቱኒዚያን በጦር ከያዘች በኋላ «ጠባቂህ ነኝ» አለች። የኛ ጸሐፊዎች ይሄንንም «ሞግዚት» ይሉታል፣ የተባበሩት መንግሥታትን የአደራ አስተዳደርም እንዲሁ። በዚህኛው ስም ደግሞ ከ1950 እስከ 1960 ሶማሊያ ላይ ሞግዚት የተደረገችው ማን መሰለችህ? ያችው ጣሊያን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተሸንፋ የለቀቀችው።