ነገ ጠዋት አባቴን ሊያስፈርሙት ነው፣ ቶሎ መልሱልኝ

የቃሉ ልጅ፦ ሰላም ለእናንተ። እርሻችን ቃሉ ወረዳ፣ ሐርቡ አካባቢ ነው። መሬቱ ሊወሰድ ነው ብለው ለክተው፣ ችካል ተክለው ሄዱ። አሁን «ነገ ጠዋት ቀበሌ መጥታችሁ ፈርሙ» ብለው ላኩብን። ወረቀቱ ላይ የካሳው ቦታ ባዶ ነው። አባቴ «ሞቼ ነው የምፈርመው» ብሎ ተቆጥቷል። የግጦሹ መሬትና መቃብሩም ችካሉ ውስጥ ገብቷል። ምን እናድርግ?

ዑመር ከኮምቦልቻ፦ አብሽሪ እህቴ። መሬቱ የሚወሰደው ለምንድን ነው?

የቃሉ ልጅ፦ ለመስኖ ግድብ።

ጋሽ መምህር፦ ይህ የነባር ማኅበረሰቦች መብት ጉዳይ ነው። በኬንያ የኢንዶሮይስ አርብቶ አደሮች ከቦጎሪያ ሐይቅ ዳር ተፈናቅለው ነበር። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነ ውሳኔ ፈርዶላቸዋል። የአያት መቃብርና የአምልኮ ቦታ በብር ብቻ አይተመንም። እኛም አገር ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ላይ ማኅበረሰቡ በሚነካው ፕሮጀክት ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል።

ዑመር ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ ኬንያ ደርሰን ስንመለስ ይነጋባታል! እህቴ፣ ባዶ ወረቀት ላይ እንዳይፈርም።

የወልድያው፦ መሬት የመንግሥት ነው። ግድቡም የሚሠራው ለገበሬው ነው። አባትሽ ለምን ይከለክላሉ?

ጠበቃዋ፦ ልማቱን ማን ጠላው ወንድሜ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ገበሬው ከመሬቱ እንዳይነቀል የሚጠበቀውም በዚያው አንቀጽ ነው። እህቴ፣ ስለ መሬት ማስለቀቅና ስለ ካሳ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1161/2011ን ያዢ። ባለይዞታው መሬቱን ከማስረከቡ ቢያንስ 1 ዓመት ቀድሞ ስለ ፕሮጀክቱ ሊመክሩት ይገባል። ለኢንቨስትመንት በአስቸኳይ ይፈለጋል ቢባል እንኳ ከ6 ወር አያንስም። መጀመሪያ ይህ ምክክር መቼ እንደተደረገ ጠይቁ፤ ቃለ ጉባኤውን አሳዩን በሉ።

አባትሽ ቀበሌ ይሂዱ፤ መቅረት አይጠቅማቸውም። የማስለቀቂያ ትዕዛዝ ከሰጧቸው «ደርሶኛል» ብለው ቀኑን ጽፈው ይፈርሙ፣ ኮፒውን ይያዙ። ከዚያ ቅሬታ ማቅረቢያው 30 ቀን ነው፤ ለአቤቱታ ሰሚው አካል በጽሑፍ ያስገቡ። እዚያ ካልረኩ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይሄዳል። ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተሰጣቸው የመፈናቀያ ካሳው ባለፉት 3 ዓመታት ካገኙት ከፍተኛው የ1 ዓመት ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው። ስለዚህ የማሽላውን፣ የማንጎውን፣ የሁሉንም ምርት ዛሬ ማታ ጻፉ።

ሰዓዳ፦ ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ! የይዞታ ደብተሩንም ፎቶ አንሱ።

የቃሉ ልጅ፦ የግጦሹስ? እሱ የማንም ደብተር ላይ የለም።

ጠበቃዋ፦ የወል መሬትም ካሳ አለው፤ ተጠቃሚዎቹ ሁሉ ይካፈሉታል። ብቻችሁን አትሂዱ። ከብት የሚያሰማሩትን ጎረቤቶች ጥሩ፣ አንድ አቤቱታ ላይ ሁሉም ይፈርም። መቃብሩን ለየብቻ አስጽፉት፤ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌዎች ይገኙ።

ጋሽ መምህር፦ ገንዘቡ የዓለም ባንክ ከሆነ ጠይቁ። ባንኩ ስለ መሬት መውሰድና ስለ ማፈናቀል የራሱ መስፈርት አለው፤ ፕሮጀክቱ የቅሬታ መቀበያ እንዲያቆምም ያስገድዳል።

የወልድያው፦ እሺ፣ ስለ መቃብሩ ልክ ናችሁ። ግን ውሃው ለታችኞቹ ቀበሌዎችም ያስፈልጋል።

ሰዓዳ፦ የቃሉ ልጅ፣ እናትሽም ይሂዱ። ደብተሩ ላይ ስማቸው ካለ ያለ እሳቸው ምንም እንዳይፈረም።