«ሴናይት» ሰናይት አይደለችም

ድሮ በተጻፈ እንግሊዝኛ ውስጥ «ሴናይት» የሚል ቃል ካጋጠማችሁ አትደንግጡ። እኔ መጀመሪያ ሳየው የሴት ስም መስሎኝ ሁለት ገጽ ሙሉ ሰናይትን ስፈልግ ነበር። ቃሉ «ሴቨን» እና «ናይት» ተጣብቀው፣ አፍ ላይ ሲመላለሱ ተሸራርፈው የቀሩት ነው። ሰባት ሌሊት፣ ማለትም አንድ ሳምንት።

ዛሬ ማንም አይለውም። ወንድሙ «ፎርትናይት» ግን አለ፤ 14 ሌሊት፣ ሁለት ሳምንት ማለት ነው። እንግሊዞችና አውስትራሊያውያን በየቀኑ ይሉታል፣ አሜሪካውያን እምብዛም። (ልጆች ሌት ተቀን የሚጫወቱት ጌም በዚህ ቃል ላይ የተቀለደ ነው፤ እዚያ «ፎርት» ምሽግ ነው።)

ቀን ትቶ ሌሊት መቁጠር የቆየ ልማድ ነው። ሮማዊው ታሲተስ የጀርመን ነገዶች በቀን ሳይሆን በሌሊት እንደሚቆጥሩ እ.ኤ.አ. በ98 ገደማ ጽፏል፤ እንግሊዝኛም የዚያው ዘር ነው።

ወደ አማርኛ ስንመልሰው ነው ነገሩ የሚጥመው። «ፎርትናይት» ለእኔ «አስራ አምስት ቀን» ነው። 14ን ማን ሰረቀው እንዳትሉ! እኛ የተነሳንበትንም የደረስንበትንም ቀን እንቆጥራለን። ሰኞ ወሩ በገባ በ1 ብትነሱ ፎርትናይቱ የሚሞላው ሰኞ 15 ነው፣ እና ከ1 እስከ 15 በጣታችሁ ቁጠሩት። «ሳምንት» ራሱ እኮ ከ«ስምንት» ጋር አንድ ሥር ነው፤ ከሰኞ እስከ ሰኞ ሁለቱንም ሰኞ ከቆጠርን ስምንት ይመጣል። የትግርኛው «ሰሙን»ም፣ «ሰሞነ ሕማማት» ላይ ያለው «ሰሞን»ም ከዚያው ቤት ናቸው። እንግሊዝ ሰባት ሌሊት ያለውን እኛ ስምንት ቀን አልነው፣ ሁላችንም ግን ያው ሰኞ ላይ እንገናኛለን።

ውል ወይም ቀጠሮ ስትተረጉሙ ግን «ሁለት ሳምንት» በሉና ተገላገሉ፤ «አስራ አምስት ቀን» ያለውን ሰው አንዱ ማክሰኞ ይጠብቀዋል።

አሜሪካውያን በምትኩ የሚሉት «ባይዊክሊ» ደግሞ የባሰበት ነው። በሳምንት ሁለቴም፣ በሁለት ሳምንት አንዴም ይሆናል፤ መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም ይቀበላል። ደመወዝ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። ስብሰባ ከሆነ ጠይቁ።