ጥቆማ፦ ፋይል በመጠን ደርድሮ ለማየት ፓወርሼል ይሻላል ወይስ ባሽ?

ባለፎቶቤት፦ ሰላም ወገኖች። የሱቃችን ሃርድ ዲስክ ሞልቷል። ትልልቆቹን ፋይሎች ከላይ አድርጎ የሚያሳየኝ ነገር እፈልጋለሁ። አንድ በአንድ እየከፈቱ ማየት ሰለቸኝ። ዊንዶውስም ሊኑክስም አለን። ትእዛዝ ከሚጻፍባቸው ከዊንዶውሱ ፓወርሼል እና ከሊኑክሱ ባሽ የቱን ልልመድ?

ፓወርሼል_ብቻ፦ ፓወርሼል ነዋ! ጌት-ቻይልድአይተም ዝርዝሩን ያመጣል፣ በፓይፕ (የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው | ምልክት) ለደርዳሪው ሶርት-ኦብጀክት ትሰጠዋለህ፣ ሌንግዝ (መጠን) እና ዲሴንዲንግ (ከትልቅ ወደ ትንሽ) ትላለህ። አለቀ። የውስጥ ፎልደሮችንም እንዲያይ ሪከርስ ጨምርበት። ከ2016 ጀምሮ ሊኑክስ ላይም ይሠራል።

የተርሚናል_ልጅ፦ ይህን ሁሉ ከምትጽፍ፣ ባሽ ላይ ፋይል የሚዘረዝረው ኤልኤስ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ ትንሿ ኤል፣ ትንሿ ኤች፣ ትልቋ ኤስ። በቀን ከሆነ በትልቋ ኤስ ፋንታ ትንሿ ቲ። እኔ ከባሽ ንቅንቅ አልልም።

ሠርግ_ቀራጭ፦ ባሽ አትበሉኝ! አንድ ቴክኒሻን የኤልኤስን ዝርዝር እየተቀበለ የቆዩ ፋይሎችን የሚያጠፋ ስክሪፕት (በራሱ የሚሄድ የትእዛዞች ጽሑፍ) ሠራልን። «መለማመጃ ሠርግ.ኤምፒ4» የሚል ፋይል ነበር። ስሙን ክፍት ቦታው ላይ ለሁለት ቆረጠውና ዋናውን «ሠርግ.ኤምፒ4» አጠፋው። ሙሽሮቹን ምን እንበላቸው?

ፓወርሼል_ብቻ፦ አያችሁ? ፓወርሼል ጽሑፍ አይደለም የሚያቀብለው። ፋይሉን ራሱን ከነመጠኑ ነው።

የተርሚናል_ልጅ፦ ጎበዝ፣ ሰውየው ልይ ነው ያለው። መሰረዝን ማን አነሳ?

ሠርግ_ቀራጭ፦ ያልደረሰበት ይስቃል።

የድሮ_ኮምፒውተር፦ ልጆች፣ የዊንዶውሱን አሮጌ የፋይል መዘርዘሪያ ዲርን ረሳችሁት። ዲር፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ኦ፣ ሰረዝ፣ ኤስ። ትልቁ ከላይ ይመጣል። ከዶስ ዘመን ጀምሮ የምጠቀመው እሱን ነው፤ ሌላ አልፈልግም።

ሳሪስ_ሰፈር፦ እኔ ጋ የአማርኛ ስሞች ባዶ ሳጥን ሆነው ነው የሚታዩት። መፍትሔ ያለው?

ማታ_ፈረቃ፦ ሳሪስ፣ ዊንዶውስ ተርሚናልን ጫንና ሞክር። ከአሮጌው ጥቁር መስኮት ይሻላል።
እህቴ ሠርግ ቀራጭ፣ በጣም ያሳዝናል። ኤልኤስ ለዓይን ነው። ስክሪፕት ውስጥ ፋይል ፈላጊው ፋይንድ ይሻላል፤ ስሞቹን በክፍት ቦታ ሳይሆን ነል በሚባለው የማይታይ ምልክት እየለየ እንዲያቀብል ማዘዝ ይቻላል፣ ክፍት ቦታ አይቆርጠውም።
ባለፎቶቤት፣ ፎልደር በፓወርሼል መጠን የለውም። ባዶ ቢሆንብህ አትደንግጥ። የእያንዳንዱን ፎልደር ድምር ከፈለግህ ሊኑክሱ ላይ መጠን ደማሪው ዲዩ በትንሿ ኤስ እና ኤች፣ ክፍት ቦታ፣ ኮከብ (*)፣ ከዚያ በፓይፕ ሶርት በትንሿ አር እና ኤች። ፓወርሼል ከመረጥህ ደግሞ ውጤቱን በሠንጠረዥ የሚያሳየው ፎርማት-ቴብል ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይሁን። ቀድሞ ከገባ ለሶርት የሚደርሰው የሠንጠረዥ ቅርጽ እንጂ ፋይል አይደለም።

ባለፎቶቤት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። በስም ስደረድር «ሠርግ» እና «ሰርግ» ለየብቻ ይሄዳሉ። ለምን?

ማታ_ፈረቃ፦ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ሠ ከመ በኋላ፣ ሰ ከረ በኋላ ነው የሚመጣው። ሱቁ ውስጥ አንዱን መርጣችሁ ሁላችሁም በእሱ ጻፉ።

ሠርግ_ቀራጭ፦ ስም ላይ ክፍት ቦታም አታድርጉ!