ጥቆማ፦ ልጄ ኪታ አሌፍ (አንደኛ ክፍል) ልትገባ ነው፤ ዳቲ (በእስራኤል የመንግሥት ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤት) ይሻላል ማምላክቲ (የመንግሥት መደበኛው)?

የናታንያዋ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘንድሮ ጋን ሆቫ (የግዴታ መዋዕለ ሕፃናት) ናት። ለኪታ አሌፍ ምዝገባው ደርሷል። ሰፈራችን ዳቲም ማምላክቲም አለ። ሻባት እናከብራለን፣ ግን በጣም ጥብቅ አይደለንም። ዕብራይስጥ አቀላጥፋ እንድታነብ፣ በዓላቱንም ከነምክንያታቸው እንድታውቅ እፈልጋለሁ። ሁለቱንም ያያችሁ ንገሩኝ። ቤት ውስጥ የዕብራይስጥ ፊደል ማስጠኛ የሚሆን መጽሐፍ ወይም ማግኔት ካለም ጠቁሙኝ።

የሁለት እናት፣ አሽዶድ፦ ትልቁ ልጄ ዳቲ ነው የተማረው፣ ትንሿ ማምላክቲ። ንባብ ላይ ልዩነት አላየሁም፤ ዋናዋ መምህሯ ናት። ዳቲ ጋ ጠዋት ጠዋት ጸሎት አለ። ኪታ አሌፍ ላይ መሲባት ሲዱር (ልጆቹ የጸሎት መጽሐፍ የሚቀበሉበት ድግስ) ይደረጋል፤ የሲዱሩን ሽፋን የምናስጌጠው እኛ ነን። ማምላክቲም በዓላቱን ያስተምራል፣ ታናክም (የአይሁድ መጽሐፍ ቅዱስ) ኪታ ቤት (ሁለተኛ ክፍል) ላይ ይጀምራሉ። ጸሎቱን ግን ከቤት ነው የምታገኘው።

አባት ከረሆቮት፦ እህቴ፣ ከትምህርት ቤቱ በፊት ጻሃሮኑን (ልጆች ከትምህርት በኋላ የሚቆዩበትን) መርምሪ! እኛ ያስገባንበት «የቤት ሥራ እናሠራለን፣ ንባብ እናስጠናለን» ብሎ ብር ተቀበለን። ልጁ ደብተሩን ሳይከፍት ነበር የሚመጣው። ስንጠይቃቸው «ደክሞት ነው» አሉን። ብሩም አልተመለሰም።

ሰሚራ ሰፈር፦ እኛም እንደዚሁ! የትኛው ነው? በውስጥ ጻፍልኝ።

ቤርሼባ፦ የማትናሱ (የሰፈሩ ማኅበረሰብ ማዕከል) ጻሃሮን ይሻላል፣ ምግቡም ጥሩ ነው።

የናታንያዋ እናት፦ አመሰግናለሁ፣ ግን የጠየቅኩት ስለ ትምህርት ቤት ነበር።

የድሮ ደንበኛ፦ መጽሐፍ ከሆነ ታሃና መርካዚት (ዋናው አውቶቡስ ጣቢያ) አጠገብ ያሉት ሻጭ ሽማግሌ ጋ ሂጂ። ልጆቼ ሁሉ ፊደል የቆጠሩት ከሳቸው በገዛሁት ነው።

አዲስ ገቢ፦ ከዚያው የገዛሁት ማግኔት ሳምንት ሳይሞላው ተላቀቀ። ኦንላይን ይረክሳል።

የድሮ ደንበኛ፦ ያያያዝ ጉዳይ ነው። እኔ ከሳቸው ሌላ ጋ አልገዛም።

ሐይፋ፦ በርቱ! በዚህ አያያዛችሁ ልጅቷ ጻባ (ወታደር ቤት) እስክትገባ መልስ ታገኛለች።

ጋን ውስጥ የምሠራ፦ እሺ፣ የማውቀውን ልንገርሽ። ስትገዢ ፊደሉ የኅትመት ይሁን፣ ኒቁድም (የአናባቢ ነጥቦች) ይኑረው። የእጅ ጽሑፉ በኋላ ይመጣል። ዕብራይስጥ የሚጻፈው ከቀኝ ነው፣ የኛን ፊደል የለመደ ልጅ ግን ስሙን ከግራ ይጀምራል፤ ወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ ላይ ትንሽ ኮከብ ለጥፊላት፣ ከዚያ ትነሳለች። ከጋን በነጻ የሚመጣላትን የሲፍሪያት ፒጃማ (ለልጆች መጽሐፍ የሚያድል ፕሮግራም) መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አትተዪው። ቀስ ብለሽም ቢሆን አብረሻት አንብቢ። ዓርብ ኢማ ሼል ሻባት (የሰንበት እናት) የምትሆንበት ተራ ሲደርስ ደግሞ ሻማውና ወይኑ ላይ የሚባለውን ባርኮት ቀድማችሁ ቤት ተለማመዱት። ያን ቀን ልጆቹ ቁመታቸው የጨመረ ይመስላሉ።

ሳቭታ (አያት) ከጌዴራ፦ ልጄ፣ እኛ አገር ቤት፣ ኢትዮጵያ፣ ሐኑካን (የመብራት በዓሉን) አናውቅም ነበር። ፑሪምንም (የአስቴርን በዓል) እንደ እዚህ በጭፈራ አናከብርም፤ ጾመ አስቴርን ግን እንጾም ነበር። ሐኑኪያ (የሐኑካ መቅረዝ) ማብራት ያስተማረችኝ የልጅ ልጄ ናት፣ ከጋን ተምራ መጥታ። እኔ ደግሞ ስግድን፣ የኛን የቤተ እስራኤልን የጾምና የጸሎት በዓል፣ አስተማርኳት። ትምህርት ቤቶቹን ስታዪ ስለ ስግድ ጠይቂ። እኤአ በ2008 በሕግ የአገሩ በዓል ሆኗል፣ በዕብራውያን አቆጣጠር ሔሽቫን 29። እንጀራ አቅምሶ የሚያልፍ ትምህርት ቤት አለ። ቄስ (የቤተ እስራኤል ካህን) ጋብዞ ኦሪቱን በግዕዝ የሚያሰማም አለ። ሁለተኛውን ፈልጊ። ልጅ የአያቱን ጸሎት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሲሰማ አንገቱን አይደፋም።

የሁለት እናት፣ አሽዶድ፦ እውነት ነው። የኛው ማምላክቲ ቄስ ይጋብዛል፣ ዳቲው ግን አንድም ቀን አልጋበዘም። ስሙን አይተሽ አትወስኚ፣ ሄደሽ ጠይቂ።

የናታንያዋ እናት፦ ሳቭታ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቱም ጋ ሄጄ እጠይቃለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ለእናቴ የሚሆን የጠዋት ኡልፓን (የዕብራይስጥ ቋንቋ ትምህርት) ናታንያ ውስጥ የምታውቁ አላችሁ?

የድሮ ደንበኛ፦ ሽማግሌውን ጠይቃቸው፣ ሁሉንም ያውቃሉ።